ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፦ የቪዲዮ ስትሪሚንግ አገልግሎቶችን እንዴት እናወዳድር?

አንድ ቀን የባንክ መልእክቶቼን ወደ ኋላ እየገለበጥኩ ሳለ አንዲት ቁጥር ዓይኔ ውስጥ ገባች። በየወሩ፣ በዚያው ቀን፣ ያው መጠን። ቆጠርኩ፤ አምስት ወር። የስትሪሚንግ ክፍያ ናት። አፑን ግን ከስልኬ ላይ ካጠፋሁት ቆይቷል። አፑን ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን፣ ማለትም ወርሃዊ ክፍያውን፣ ማቋረጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። አፑ ይሄዳል፣ ክፍያው ግን እንደ ቤት ኪራይ ወሩን ጠብቆ ከች ይላል።

ከዚያ ወዲህ ለየትኛውም አገልግሎት ከመክፈሌ በፊት ወረቀት ይዤ ቁጭ እላለሁ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው። «ከሁሉም የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ኔትፍሊክስ ይላችኋል፣ ሌላው ዲዝኒ ፕላስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዩቲዩብ እያለ ምን አስከፈላችሁ ብሎ ይስቅባችኋል። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። በሚቀጥለው ወር፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ ኢንተርኔት፣ ምን ልናይ ነው? መልሱ በየወሩ ሊለያይ ይችላል። ይለያይ።

1. ያለፈውን ወር ቁጠሩ

የእይታ ታሪካችሁን ክፈቱ። ኔትፍሊክስም ዩቲዩብም አካውንታችሁ ውስጥ ያስቀምጡታል። ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ ውሰዱና አራት ነገር ጻፉ፦ ምን አያችሁ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ላይ፣ ከማን ጋር። በጭንቅላታችሁ አትመኑ። ሰው ምን ታያለህ ሲባል የሚናገረው ማየት የሚፈልገውን ነው። ዶክመንተሪ ይላል።

የእኔን ላሳያችሁ። አንድ ተከታታይ ፊልም፣ 8 ክፍል፣ 7 ሰዓት፣ በስልክ፣ አልጋ ላይ፣ ብቻዬን። ሁለት ፊልም ከባለቤቴ ጋር፣ 4 ሰዓት፣ በቲቪ። የልጄ ካርቱን፣ 20 ሰዓት፣ በታብሌት። አንድ ዶክመንተሪ፣ 11 ደቂቃ አይቼ እንቅልፍ የወሰደኝ። የዩቲዩቡን ሰዓት ባልናገር ይሻለኛል።

ወረቀቱን ሳየው ሁለት ነገር ገባኝ። የቤቱ ዋና ተመልካች እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት። በቲቪ የምናየው ደግሞ በወር 4 ሰዓት ብቻ ነው። እና ለዚህች ለ4 ሰዓት ብዬ ነበር ትልቁን የ4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳየውን) ፓኬጅ ስከፍል የኖርኩት።

2. ልታዩ የምትፈልጉትን በስሙ ጻፉና የት እንዳለ ፈልጉ

አሥር ርዕስ ጻፉ። «ኮሜዲ» ወይም «አሪፍ ነገር» አይባልም፣ ስሙን ነው። ከዚያ ጀስትዎች የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ አገራችሁን መርጣችሁ የፊልሙን ስም ስታስገቡ የትኛው አገልግሎት ላይ እንዳለ፣ በሰብስክሪፕሽኑ ውስጥ ይሁን ወይም ለብቻው የሚከፈልበት ይሁን ያሳያችኋል። አገር መምረጡን እንዳትዘሉት። ኔትፍሊክስ ከ190 በላይ አገሮች ውስጥ ይሠራል፣ ግን ሁሉም ጋ ያለው ፊልም አንድ አይደለም። የማሳያ መብት የሚሸጠው በአገር ተቆራርጦ ስለሆነ ሌላ አገር ያለ ጓደኛችሁ «እኔ ጋ አለ» ያላችሁ ነገር እናንተ ጋ ላይኖር ይችላል። እሱም አልዋሸም።

መብቱ ጊዜም አለው። ውሉ ሲያልቅ ፊልሙ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ዘ ኦፊስ የተባለው ኮሜዲ የኔትፍሊክስ ተመልካቾች ደጋግመው የሚያዩት ነገር ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ውሉ አለቀና ፒኮክ ወደሚባለው አገልግሎት ሄደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለዚህ ለአንድ ተወዳጅ ፊልም ብላችሁ የዓመት ከመክፈላችሁ በፊት ያ ፊልም የራሱ የአገልግሎቱ ሥራ ነው ወይስ የተከራየው ብላችሁ ጠይቁ። የራሱ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆያል።

እዚህ ላይ የየአገልግሎቱን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ኔትፍሊክስ ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ አለው፣ የብዙ አገር ቋንቋም አለው። ዲዝኒ ፕላስ ላይ ዲዝኒ፣ ፒክሳር፣ ማርቭል፣ ስታር ዋርስ እና ናሽናል ጂኦግራፊክ ይገኛሉ፤ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ክርክሩ እዚህ ጋ ሊያልቅ ይችላል። አፕል ቲቪ በአብዛኛው ራሱ ያሠራቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አንዴ አይታችሁ የምትጨርሱት ዓይነት። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ ደግሞ ሰውን የሚያጭበረብር ይመስላል፤ ሰው ከፍሎ ይገባል፣ ፊልሙን ሲነካው እንደገና ክፈል ይለዋል። ምክንያቱም እዚያ ቤት በአባልነቱ የሚታዩትና ለብቻቸው የሚከራዩት ወይም የሚሸጡት ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ፊልሙ ስር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፣ ያኔ አትናደዱም።

ሁሉ የሚባለውን አገልግሎት ታውቁት ይሆናል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ሲከፈት ስሙ ሁሉ ነበር፣ ግን ለሁሉ አልነበረም። ከአገሩ ወጥቶ ለሚሞክረው ለብዙ ዓመት አይከፈትም ነበር። እኛ ቋንቋ ላይ ሲደርስ ቀልዱ በራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። የማወዳደሪያ ጽሑፍ ስታነቡ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ኤችቢኦ ማክስ በ2020 በዚህ ስም ተጀመረ፣ በ2023 ማክስ ብቻ ተባለ፣ በ2025 እንደገና ኤችቢኦ ማክስ ሆነ። አፕል ቲቪ ፕላስም በ2025 ፕላሱን ጥሎ አፕል ቲቪ ተብሏል። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በስሙም የማይገኝ ነገር ትፈልጋላችሁ፣ ዋጋውማ አይነሳ።

አሁን ወረቀቱ ላይ ከአሥሩ ስድስት ወይም ሰባት ርዕስ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበሰቡ ሥራው ግማሹ አልቋል። ከተበታተኑም ችግር የለም፤ ለእሱ መጨረሻ ላይ መላ አለ።

3. የፓኬጅ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አንብቡ

አገልግሎቶቹ ሰንጠረዣቸውን ሲያቀርቡ ትልቁ ላይ «በብዛት የሚመረጥ» ምናምን ብለው ዓይናችሁን ወደዚያ ይጎትታሉ። እናንተ ከርካሹ ጀምሩ። «ምን ያጎድለኛል?» ብላችሁ ውጡ። ያጎደለው ነገር ወረቀታችሁ ላይ ከሌለ እዚያው ቁሙ።

ማስታወቂያ። ኔትፍሊክስ በኅዳር 2022 ማስታወቂያ ያለበትን ርካሽ ፓኬጅ ሲጀምር በሰዓት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ማስታወቂያ እንደሚኖረው ተናግሮ ነበር። አማዞን ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በተወሰኑ አገሮች ማስታወቂያውን ለነባር ደንበኞቹም አስገባና የማትፈልጉ ከሆነ ጨምሩ አለ። እኔ በበኩሌ ለተከታታይ ፊልም ማስታወቂያ እችላለሁ። ውሃ እጠጣበታለሁ። ጥሩ ፊልም መሃል ላይ ሲሆን ግን አይዋጥልኝም። በዚያ ላይ በማስታወቂያው ፓኬጅ አንዳንድ ርዕሶች ቁልፍ ምልክት ተደርጎባቸው ተዘግተው ሊመጡ ይችላሉ፤ መብቱ አይፈቅድም ማለት ነው። ከአሥሩ ዝርዝራችሁ ውስጥ የተቆለፈ እንዳይኖር ፈትሹ።

በአንድ ጊዜ ስንት ስክሪን። ይሄ ነው ሰው የሚሳሳትበት። ፕሮፋይል (አንድ አካውንት ውስጥ የየሰዉ የግል ገጽ) እና ስክሪን የተለያዩ ናቸው። ኔትፍሊክስ ላይ አምስት ፕሮፋይል መክፈት ትችላላችሁ፣ መካከለኛው ፓኬጅ ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሁለት ስክሪን ላይ ብቻ ነው። አራት የሚፈቅደው ትልቁ ነው። ስለዚህ ስንት ሰው አለ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በየክፍሉ ስንት ስክሪን በርቷል ብላችሁ ቁጠሩ። እኛ ቤት ሁለት ነው። ሦስተኛው ሲበራ ጠብ ይነሳል፣ ግን ጠቡ ከፓኬጁ ዋጋ ይረክሳል።

ፓስወርድ መጋራት። ሌላ ቤት ካለ ወንድማችሁ ጋር ለሁለት ለመክፈል ካሰባችሁ አስቡበት። ኔትፍሊክስ በ2023 ይህን በሰፊው መከልከል ጀመረ፣ ዲዝኒ ፕላስም በዓመቱ ተከተለ። አካውንቱ አንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች ነው ይላሉ። ሌላ ቤት ያለን ሰው ለማስገባት «ተጨማሪ አባል» የሚባል የተለየ ክፍያ አለ፣ እሱም ሁሉም ፓኬጅ ላይ ሁሉም አገር ላይ የለም። አፕል በዚህ ለቀቅ ይላል፤ በቤተሰብ ማጋሪያው ከእናንተ ሌላ አምስት ሰው ማስገባት ይቻላል።

4. ኢንተርኔታችሁን በሒሳብ ፈትኑ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ እኔንም ጨምሮ። ኔትፍሊክስ ራሱ የሚመክረው ፍጥነት ይህ ነው፦ ለ720ፒ 3 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 15። (ከፒ በፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፤ 720ፒ እና 1080ፒ ኤችዲ ይባላሉ።) ፍጥነታችሁን ለማየት ፋስት ዶት ኮም ይበቃል። የኔትፍሊክስ የራሱ ነው፣ ስለዚህ የሚለካው ከእነሱ ሰርቨር እስከ እናንተ ያለውን መንገድ ነው። ቀን ላይ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ አትለኩ። ማታ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት፣ ቲቪው ያለበት ቦታ ሆናችሁ፣ ሦስት ቀን ለኩና የመጨረሻ ዝቅተኛውን ውሰዱ። ሁለት ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚበራ ከሆነ ፍላጎቱን ደምሩት። ማታ 8 ሜጋቢት ብቻ እያገኛችሁ ለ4ኬ መክፈል ጠባብ መንገድ ላይ ለመንዳት የእሽቅድምድም መኪና እንደመግዛት ነው።

ሜጋቢት እና ሜጋባይት አንድ አይደሉም። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። 5 ሜጋቢትን ለ8 ስታካፍሉት 0.625 ሜጋባይት በሰከንድ ይመጣል። በ3600 ሰከንድ አባዙት፣ በሰዓት 2250 ሜጋባይት። ማለትም ሁለት ጊጋ ከሩብ። ኔትፍሊክስም ለኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ፣ ለ4ኬ እስከ 7 ጊጋ ነው የሚለው።

ያልተገደበ ኢንተርኔት ካላችሁ ይህን ዝለሉት። ዳታ በጊጋ የምትገዙ ከሆነ ግን የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። የእኔ ወረቀት 31 ሰዓት ይላል። በኤችዲ 31 ሲባዛ በ3፣ 93 ጊጋ። የዳታው ሒሳብ ከሰብስክሪፕሽኑ በለጠ። ከዚያ የኔትፍሊክስ አካውንት ውስጥ ገብቼ የእያንዳንዱን ፕሮፋይል የማጫወቻ ሴቲንግ ከፈትኩ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚል አለ። መካከለኛው በሰዓት 0.7 ጊጋ ገደማ ነው የሚበላው። ያው 31 ሰዓት ወደ 22 ጊጋ ወረደ። ልጄ ታብሌቷ ላይ ልዩነቱን እስካሁን አላወቀችም፣ እናንተም አትንገሯት።

ስለዚህ ሁለት አገልግሎት ስታወዳድሩ ዋጋውን ብቻ አታስቀምጡ፤ የጥራት ማውረጃ አለው ወይ፣ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት ይቻላል ወይ የሚለውንም ጨምሩ። ርካሹ ፓኬጅ ዳውንሎድ የማይፈቅድ ሆኖ ዳታችሁን ከበላው ርካሽ አልነበረም ማለት ነው።

5. ስክሪናችሁ ያንን ጥራት ያሳያል ወይ?

የድሮ ስልኬ ላይ ምስሉ ሁልጊዜ ደብዘዝ ይል ነበር። ኢንተርኔቱን ወቀስኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ከዚያ ፓኬጁን አሳደግኩ፣ ያው ነው። ችግሩ ስልኩ ውስጥ ነበር። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ፊልሙ እንዳይሰረቅ የሚጠብቅ ዋይድቫይን የሚባል ነገር አለ፤ ደረጃው ኤል1 ከሆነ ስልኩ ኤችዲ እንዲያሳይ ይፈቀድለታል፣ ኤል3 ከሆነ ብዙ አገልግሎቶች ከ480ፒ አያስበልጡትም። የእኔ ኤል3 ነበር። የስልኩ ስክሪን የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ለማወቅ ቀላል ነው። አንድሮይድ ላይ የኔትፍሊክስ አፕ ውስጥ ወደ አፕ ሴቲንግ ግቡና «ፕሌይባክ ስፔሲፊኬሽን» የሚለውን ክፈቱ፤ የዋይድቫይን ደረጃውንና የሚፈቀድላችሁን ከፍተኛ ጥራት ይጽፍላችኋል። ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ስትሄዱም እዩት።

ላፕቶፕ ላይም ተመሳሳይ ነው፤ ጥራቱ እንደ ብራውዘሩ ይለያያል። ከላፕቶፕ ወደ ቲቪ በኤችዲኤምአይ ገመድ 4ኬ ለማየት ደግሞ ላፕቶፑም ቲቪውም ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን (ይሄም ፊልሙ እንዳይቀዳ የሚጠብቅ ነው) መደገፍ አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ጥራቱ ዝቅ ይላል ወይም ጥቁር ስክሪን ታያላችሁ። ቲቪው ስማርት ከሆነና አፑ እላዩ ላይ ካለ በዚያው መሄድ ይሻላል። በስልክ ብቻ የምታዩ ከሆነ 4ኬን እርሱት።

6. ዋጋውን በሰዓት አካፍሉት

ጊዜ የማይፈጅ ግን ዓይን የሚገልጥ ነው። የወሩን ዋጋ ከነታክሱ ውሰዱና በዚያ አገልግሎት ላይ ልታዩ ባሰባችሁት ሰዓት አካፍሉ። አንዱ 12 የሚያስከፍል ሆኖ 4 ሰዓት ብቻ ካያችሁበት ሰዓቱ 3 ይመጣል። ሌላው 15 ሆኖ 25 ሰዓት ካያችሁበት 0.6 ነው። ውዱ አምስት እጥፍ ረከሰ። 4 ሰዓቱ ሁለት ፊልም ብቻ ከሆነ ምናልባት ሁለቱን ፊልም ለብቻ መከራየት ይሻል ይሆናል።

የዓመት ክፍያ ቅናሽ ያጓጓል። ቅናሹ የሁለት ወር ከሆነ ከ12 ወሩ ከ10 በላይ በእርግጥ ልትጠቀሙበት ይገባል፣ ካልሆነ አላተረፋችሁም። ለልጆች ብቻ ነው ይህን የማደርገው። ልጅ አንዱን ክፍል መቶ ጊዜ ስለሚያይ አይሰለችም፣ ካታሎግም አያልቅበትም።

7. የመጀመሪያውን ሳምንት ፈትኑበት

ነጻ ሙከራ ዱሮ ነበር። ኔትፍሊክስ አሜሪካ ውስጥ በ2020 አቆመው፣ ዲዝኒ ፕላስም በዚያው ዓመት። አፕል ቲቪ የ7 ቀን ሙከራ አለው፣ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የሙከራውን ጊዜ መሃል ላይ ካቋረጣችሁት ወዲያው ሊዘጋባችሁ ይችላል። በከፈላችሁበት ወር ግን አብዛኞቹ ብታቋርጡም ወሩ እስኪያልቅ ያሳዩአችኋል።

በዚያ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ፊልም ብቻ አትዩ። የምትፈልጉት ቋንቋ ሰብታይትሉ አለ ወይ? ለአንድ ፊልም መኖሩ ለሁሉም መኖሩ አይደለም፤ ከዝርዝራችሁ ሦስቱን ከፍታችሁ እዩ። ሰብታይትሉ ፊደሉ ትልቅ ይሆናል ወይ? ለእናቴ ይህ ከ4ኬ ይበልጣል። አንድ ክፍል አውርዱና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ መንገድ ላይ ሆናችሁ አልከፍትም ከሚላችሁ አሁን ይበላችሁ። የወረደ ፊልምም ጊዜ አለው። ዲዝኒ ፕላስ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት እንድታገናኙት ይፈልጋል፣ ኔትፍሊክስ ላይ ደግሞ አንዳንዱ አንዴ ማየት ከጀመራችሁ በ48 ሰዓት ይቃጠላል።

ልጅ ካለ የልጆች ፕሮፋይል ክፈቱና በትልቁ ፕሮፋይል ላይ ፒን አድርጉበት። ከዚያ ራሳችሁ እንደ ልጅ ሆናችሁ ለማምለጥ ሞክሩ። እኔ በሁለት ደቂቃ አመለጥኩ፣ ፒኑን ረስቼ ነበር ለካ።

8. በከፈላችሁ ዕለት አቋርጡ

ቀልድ አይደለም። ወርሃዊ ከሆነ የከፈላችሁ ዕለት ገብታችሁ ካንስል አድርጉት። ወሩን ታያላችሁ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ እናንተ ወስናችሁ ትቀጥላላችሁ። ማቋረጫው የት እንደሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት እወቁ። ደንቡ ቀላል ነው፦ የገባችሁበት በር ነው የሚያስወጣችሁ። በጉግል ፕሌይ ከከፈላችሁ እዚያው ሰብስክሪፕሽን የሚለው ውስጥ፣ በአይፎን ከሆነ ስማችሁን ነክታችሁ ሰብስክሪፕሽን፣ በድረ ገጹ ከሆነ ድረ ገጹ ላይ። ከኢንተርኔት ፓኬጅ ጋር ተደርቦ የመጣ ከሆነ ኢንተርኔቱን የሸጠላችሁ ጋ ነው ጉዳዩ። እኔም ያንን የአምስት ወር ክፍያ ላቋርጥ ስነሳ በየት በኩል እንደከፈልኩ ረስቼ ነበር።

እና የተበታተነው ዝርዝርስ? በተራ ነው። ሦስት ርዕስ አንድ ቦታ፣ ሦስት ሌላ ቦታ ካላችሁ አንድ ወር እዚህ፣ አንድ ወር እዚያ። አዲስ ሲዝን በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚለቁ ከሆነ መጀመሪያው ቀን ላይ አትግቡ። 8 ክፍል ሁለት ወር ያስከፍላችኋል። ስምንቱም እስኪወጡ ጠብቁና በአንድ ወር ጨርሱት። እስከዚያ ድረስ ግን ታሪኩን ማንም እንዳይነግራችሁ ጆሮ መድፈን ነው፣ እሱ ላይ መላ የለኝም።

አሁን ይህን ስጽፍ እኛ ቤት የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፣ የልጄ። የእኔ ዝርዝር ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፣ አራት ርዕስ ሞልቷል። ሰባት ሲሆን አንድ ወር እከፍላለሁ። ዶክመንተሪውም እዚያው ላይ አለ፣ ከ11ኛው ደቂቃ ጀምሮ።